የተከራዩ ወንበር

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የተወሰደውን ነው። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ከመኖሪያው የተረፈ ቤት የነበረው ሰው ትርፉን አስረከበ። የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ቀን የሄደበት ሰው ይህን ቢያስታውስ አይፈረድበትም። የአዋጁ ሌላኛው ግማሽ ግን የሚገባውን ያህል አልተጻፈለትም። ያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች በየአካባቢያቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ የሚመራቸውን ኮሚቴ እንዲመርጡ፣ የቤትና የቦታ ክርክር የሚያይ ፍርድ ሸንጎ እንዲሰይሙ ደንግጎ ነበር። ኋላ ሁሉም «ቀበሌ» ያለው ነገር የተወለደው እዚህ ላይ ነው። እንደ አዲስ አበባው ልደታ ባለ፣ ነዋሪው በአመዛኙ የሰው ቤት ተከራይቶ በሚያድርበት ሰፈር የዚህ ትርጉም ትልቅ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የከተማው አስተዳደር በመራጭነት የማያውቀው ሰው መራጭም ተመራጭም ሆነ። በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። ድሃው በሰፈሩ አስተዳደር ውስጥ እውነተኛ ቦታ ያገኘው ድምፅ ስለሰጠ ብቻ አልነበረም፤ የመረጠው ኮሚቴ ቤትና ኪራይን፣ ማለትም የዕለት ኑሮውን የሚወስን ነገር በእጁ ስለያዘ፣ ደግሞም ጎረቤት ጎረቤቱን መጠየቅ ስለቻለ ነው። ያንን ቦታ ያጣውም ማስተዳደር ስላልቻለ አይደለም። ተመራጩ ተጠሪነቱ ለመራጩ መሆኑ ቀርቶ ለበላዩ ስለሆነ ነው።

ለውጡ ምን ያህል እንደነበረ ለማየት ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና ለልጅ እንዲተላለፍ ከፈቀዱ ወዲህ ከተማዋ በባለ ርስቱና በተከራዩ መካከል እየተከፈለች ሄደች። በአብዮቱ ዋዜማ ከከተማው መሬት ከግማሽ የሚበልጠው ከ2,000 በማይበልጡ ትልልቅ ባለ ርስቶች እጅ ነበር። ልደታ የዚህ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከልደታ አውሮፕላን ሜዳ ነው፤ በሜዳው፣ በቤተ ክርስቲያኑና በየመሥሪያ ቤቱ ዙሪያ ግን እንጀራ ፍለጋ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ሰው በጭቃ ቤት ተጠጋግቶ ሰፈረ። ቤቱ የእሱ አልነበረም፤ ኪራዩን የሚቆርጠው፣ ሲፈልግም «ልቀቅ» የሚለው አከራዩ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሕግም ተከራዩን ከቁጥር አላስገባውም። በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው አዋጅም፣ በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያገኘችው ቻርተርም የምክር ቤቱን ደጃፍ የከፈቱት በከተማው የማይንቀሳቀስ ንብረት ላለው ሰው ነው። ከየወረዳው ተመራጭ ይላክ ነበር፤ ነገር ግን ላኪውም ተላኪውም ባለ ንብረቱ ነው። ቀጥሎ የመጣው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ለመራጩ በሩን ሰፋ ቢያደርግም ዕጩ ለመሆን ግን ንብረት ይጠየቅ ነበር። በዘመኑ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ግብር የሚከፍለውና በከተማው ውስጥ የሚያጣው ነገር ያለው ባለ ንብረቱ ስለሆነ ኃላፊነት የሚሰማውም እሱ ነው የሚል። ተከራዩ በየወሩ በሚከፍለው ኪራይ ውስጥ የአከራዩ ግብር እንዳለበት የሚያስብ አልነበረም።

አዋጅ 47 ይህን ሥርዓት ከሥሩ ገለበጠው። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች አስተዳደር ለቀበሌው ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ኪራይም ወረደ፤ 300 ብርና ከዚያ በታች የነበረው ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፣ ትልቁን ቅናሽ ያገኘውም ትንሹን የሚከፍለው ሰው ነበር። ትርፍ ቤት የተወሰደባቸው ሰዎች ደግሞ ለጊዜው ከማኅበሩ አመራር ተገለሉ። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ የሕግ አውጭው ስሌት ግን የተከራዩን ፍርሃት የሚያውቅ ሰው ስሌት ነው። ትናንት የቤት ኪራይ ሊጠይቅ በር የሚያንኳኳ ሰው ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ «ማንን ትመርጣላችሁ?» ቢል፣ እጅ አውጥቶ ድምፅ በሚሰጥበት ስብሰባ ላይ ነፃ ሆኖ እጁን የሚያወጣ ተከራይ አይገኝም ነበር። ከዚህ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟት የሰጠችው መልስ ለማነጻጸር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1964 በድህነት ላይ ዘመቻ ብለው ባወጁት ሕግ ድሆች በሚመለከታቸው ፕሮግራም ውስጥ የቻሉትን ያህል እንዲሳተፉ ታዘዘ፤ ከንቲባዎች ሲያጉረመርሙ እ.ኤ.አ. በ1967 ሕጉ ተሻሽሎ ከቦርዱ አንድ ሦስተኛው የመንግሥት ሹማምንት፣ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው የድሆች ተወካዮች፣ የቀረው ከንግድና ከሌሎች ድርጅቶች እንዲሆን ተደረገ። እዚያ ድሃው ከባለ ሥልጣንና ከባለ ሀብት ጎን ወንበር ተሰጠው። እዚህ ባለ ሀብቱ ተነሥቶ ድሃው ብቻውን ተቀመጠ። የትኛው መንገድ ይሻል እንደነበር አሁን አልፈርድም፤ ነገር ግን ሁለቱም ሕጎች አንድ ነገር ተረድተዋል፦ ድሃው ከሚፈራው ሰው ጋር በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰብ ድምፁ በራሱ እንደማይሰማ።

ኮሚቴው በእጁ የያዘው ምን እንደነበር በቅርብ ማየት ይገባል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። የልደታ ግቢ ሲባል አንድ የውጭ በር፣ ከበሩ ጀርባ አምስት ስድስት ባለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት፣ ቀን ከሆነለትም አንድ ቧንቧ ነው። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ያፈሳል፣ ጭቃው ከሥር ይሸረሸራል፣ ጉድጓዱ ይሞላል። ቆርቆሮ የሚገዛበት ብር ከየት ይምጣ? ጉድጓዱን የሚመጥ መኪና ማን ይጥራ? ባሏ የሞተባት ሴት የሦስት ወር ኪራይ ቢያልፍባት ከቤት ትውጣ ወይስ ትታገሥ? የሞተው ሰው ቤት ለልጁ ይተላለፍ ወይስ ለወረፋው? ቀድሞ እነዚህን ሁሉ የሚመልሰው አከራዩ ነበር። ከ1967 በኋላ የሚመልሰው በዚያው ግቢ ወይም በጎረቤት ግቢ የሚኖር፣ በእሑድ ስብሰባ የተመረጠ ሰው ሆነ። ደረሰኝ ቆርጦ ኪራይ የሚቀበለው፣ ከተሰበሰበው ላይ ለጥገና የሚያወጣው፣ ቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይት ሲመጣ ሰልፉን የሚያስይዘው እሱ ነው። አድሎ ቢሠራ በማግስቱ ቧንቧ ላይ ይታማል፣ ለቅሶ ላይ ይነቀፋል፣ ስብሰባ ላይ ይነሣበታል። ውክልና የሚባለው ነገር ሥጋ ለብሶ የታየው በእነዚያ ጥቂት ወራት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከባድም ነው። የተመረጡት ድሆች ነበሩ ወይ? ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የኪራይ ሒሳብ መዝጋት፣ ከላይ የሚመጣ መመሪያ ማንበብ ፊደል የቆጠረ ሰው ይፈልጋል። ከአዳራሹ ወንበር ላይ የሚወጣው ስለዚህ የመምህሩ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ የጡረተኛው ወታደር ስም ይሆናል፤ ተሸካሚውና እንጀራ ሻጯ ከኋላ ሆነው ያጨበጭባሉ። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። ግን ሁለት ነገር ይረሳል። መጀመሪያ፣ በልደታ የሚኖረው ጸሐፊም ተከራይ ነበር፤ ያው ቆርቆሮ ያፈስበታል፣ ያው ጉድጓድ ይሞላበታል። ማንበብ ቢችልም ኑሮው ከጎረቤቱ የራቀ አልነበረም፤ የሚወስነው ውሳኔ በራሱ ቤት ላይም ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ድሃው የሚወክለውን ሰው ለመምረጥ ቀበሌ እስኪመጣ አልጠበቀም። እድሩ ነበረው። በአዲስ አበባ እድሮች ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በየጊዜው ሲመርጡ፣ መዋጮ ሲሰበስቡ፣ ያልከፈለውን ሲቀጡ፣ ሒሳብ ሲያስመረምሩ ኖረዋል፤ በ1950ዎቹ ደግሞ መንገድ ለማቅናትና ለሌላ ልማት ገንዘብ ያዋጡ ብዙዎች ናቸው። በእድር ዳኛነት የሚመረጠው ሰው ፊደል መቁጠሩ ብቻ አይታይም፤ እጁ ንጹሕ መሆኑ፣ ለቅሶ ላይ መገኘቱ፣ ቂም አለመያዙም ይመዘናል። ያ መመዘኛ ወደ ቀበሌው አዳራሽ አብሮ ገባ። በ1967ና በ1968 በየቀበሌው የተሰባሰበው ሕዝብ ምርጫ የሚሉት ነገር አዲስ አልሆነበትም፤ አዲስ የሆነበት የመረጠው ሰው የመንግሥት ሥልጣን ይዞ መገኘቱ ነው።

ከዚያ የሆነውን ግን ማንም ቀለል አድርጎ ሊያልፈው አይገባም። በመስከረም 1969 አዋጅ ቁጥር 104 ማኅበራቱን ሲያጠናክር ሥልጣናቸውን ከቤትና ከኪራይ አልፎ ወደ ጸጥታ ወሰደው፤ የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ ተቋቋመ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ታጠቀ፣ የፍርድ ሸንጎው ሰፋ። ይህ የሆነው ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት ተቀናቃኝ ድርጅቶች ቀበሌውን ለመያዝ በሚተናነቁበት፣ የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤትም የቀበሌውን አመራር ከላይ ለመቃኘት በሚሠራበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመራጮች ብዙዎቹ በኢሕአፓ ደጋፊነት ተጠርጥረው ተተኩ። በቀበሌ ሹማምንት ላይ ግድያ ተፈጸመ፤ በ1969 የበልግ ወራት ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ፤ ቀይ ሽብር ሲታወጅ ደግሞ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት እስር ቤትና መግረፊያ ሆነ። ልጁን ለመጠየቅ ስንቅ ይዞ የሚሄድ አባት የሚቆመው ትናንት ኪራይ በከፈለበት በር ላይ ነበር። ስለዚህ ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ ቀበሌ ማለት ይህ ነው፤ ድሃውን ሥልጣን ላይ ማውጣት የሚያመጣው ይህንን ነው፤ የሰፈር ሰው ሽጉጥ ሲይዝ ቂሙን ይወጣል። እኔ ይህን ክርክር ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ ልመልሰው የምፈልገው ነው፤ ምክንያቱም የተናገሩት ሰዎች ያጡትን አውቀው ነው የተናገሩት።

መልሱ በቅደም ተከተሉ ውስጥ አለ። ቀበሌው ግፍ የሠራው መራጩ አዝዞት አይደለም። መሣሪያውን ያደለው፣ ዝርዝሩን ያወረደው፣ «ነፃ እርምጃ» የሚለውን ፈቃድ የሰጠው፣ ያልወደደውን ተመራጭ ያነሣው፣ የወደደውን ያስመረጠው ከላይ ያለው ኃይል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀበሌ ሊቀ መንበር የሚፈራው የግቢውን ሰው ሳይሆን ከበላዩ ያለውን የአስተዳደር እርከን፣ ከፍተኛውን ሆነ። ቂም መወጣት አልነበረም አልልም፤ ነበር፣ ብዙ ደምም ፈሷል፤ እጁ ያለበት ግለሰብም ከላይ ታዝዣለሁ በማለቱ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ነገር ግን ቂም በየሰፈሩ፣ በየዘመኑ፣ በየመደቡ አለ። ቂም ወደ ግድያ የሚሻገረው ገዳዩን የሚጠይቀው ሲጠፋ ነው፤ መጠየቂያውን ያጠፋው ደግሞ ድሃው ሳይሆን ወታደራዊው መንግሥት፣ ደርግ ነው። ልብ ይባል፤ የኪራይ ኮሚቴውና የጥበቃ ጓዱ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው የነዋሪውን ምላስ አሰረው። ስለሚያፈስ ቆርቆሮ ለመጮኽ የሚነሣ ሰው የሚጮኸው ልጁን ሊያስር በሚችል ሰው ፊት ሆነ። ቤትና ጠመንጃ በአንድ ኮሚቴ እጅ ሲገቡ የቤቱም ጥያቄ አብሮ ዝም አለ። በ1973 የወጣው አዋጅ ቁጥር 206 ማኅበራቱን እንደገና ሲያደራጅ ምርጫው ቀጥሏል፣ አዳራሹም ይሞላ ነበር፤ ዕጩው ግን በፓርቲ አደራጁ ኮሚሽን በኢሠፓአኮ፣ ኋላም በፓርቲው በኢሠፓ ዓይን የተጣራ ነው።

ሁለተኛው ክስ የቤቱ መፍረስ ነው። ቀበሌ ቤት የተቀበለው ቆሞ ነበር፤ ያስረከበው ዘምሞ ነው ይባላል። እውነት ነው። ዛሬም በልደታ በቀሩት አሮጌ ግቢዎች ግድግዳው በእንጨት ተደግፎ፣ ጣሪያው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ላስቲኩ ላይ ድንጋይ ተጭኖ ይታያል። ግን ምክንያቱን እንመልከት። ኪራዩ በ1967 ተቀንሶ በዚያው ቆመ። የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ በየዓመቱ ሲወጣ፣ ደርግ ወድቆ ገበያው ሲለቀቅ፣ የብር ዋጋ ሲወርድ፣ የብዙ ቀበሌ ቤቶች ኪራይ በወር አሥር ብር እንኳ ሳይሞላ ዘለቀ። በዚያ ገንዘብ የአንድ ግቢ ጣሪያ አይለወጥም። ኮሚቴው ኪራይ የመሰብሰብ ሥልጣን ነበረው እንጂ ኪራይ የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። ተከራዮች ራሳቸው ተሰብስበው «ሁለት ብር እንጨምርና ጣሪያው ይለወጥ» ብለው ቢስማሙ የሚያጸድቅላቸው የሕግ በር አልተተወም። ነዋሪው በራሱ ወጪ ቢያድስ ደግሞ ያደሰው የእሱ አይሆንም። እድር ይህን ችግር አያውቀውም፤ የሬሳ ሣጥን ዋጋ ሲጨምር አባላቱ ተነጋግረው መዋጮ ይጨምራሉ፣ በቃ። ቀበሌው የድሃ ስለሆነ ሳይሆን በራሱ ጉዳይ ላይ መወሰን ስለተከለከለ ቤቱ በላዩ ላይ ፈረሰ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየቀበሌው የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴ ተመረጠ፤ ለጥቂት ጊዜ ሽማግሌዎችና የታመኑ ጎረቤቶች እንደገና ወደ ፊት ወጡ። ያ ግን ቶሎ አለፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ በዝምታ የተደረገ ነው፤ የቀበሌው ስፋት ተለወጠ። በደርግ ዘመን ከተማው ከ280 በላይ ቀበሌዎች ነበሩት፤ በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ሕዝብ ሲኖር አንድ ቀበሌ በአማካይ 5 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. አሥር ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ፣ ልደታም ከእነርሱ አንዷ ስትሆን፣ ቀበሌዎቹ ተጣመሩ፤ ቆይቶም 99 ብቻ ሆኑ። በ1999ኙ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ነበር፤ አንድ ቀበሌ በአማካይ ከ27 ሺህ በላይ ሰው ያዘ። 5 ሺህ ሰው መሐል የተመራጩን እናት የሚያውቅ ይገኛል። 27 ሺህ ሰው መሐል ተመራጩ በወረፋ የሚገናኙት ሹም ነው። ዛሬ ወረዳ የምንለው ክፍል የወጣውም ከዚሁ ማጣመር ነው።

ርቀቱን በቁጥር እንሙላው የሚል ሙከራ በ2000 ዓ.ም. ታየ። ከግንቦት 1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138ቱ የአዲስ አበባ ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን አሸንፎ ሳይረከብ ከቀረ በኋላ፣ ሕጉ ተሻሽሎ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 300 አደገ። ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን በተካሄደው ምርጫ በመላ አገሪቱ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ወንበር ቀረበ። ከወንበሩ ብዛት የተነሣ በእያንዳንዱ ሰፈር ድሃ ሴቶች፣ ሥራ አጥ ወጣቶች፣ የእድር ሰዎች ተመራጭ ሆኑ። ይህን አይቶ «ድሃው ከ1967 የበለጠ የተወከለው ያኔ ነው» የሚል ቢኖር ቁጥሩ ይደግፈዋል። እኔ ግን አልቀበለውም። ሁሉም ማለት ይቻላል የአንዱ ገዢ ግንባር ዕጩዎች ነበሩ። 300 ሰው የሚሰበሰብበት ምክር ቤት በዓመት ጥቂት ቀን ተገናኝቶ የቀረበለትን ሪፖርት ያጸድቃል፤ በጀቱ የሚመደበው ከክፍለ ከተማ ነው፤ ቤቱን የሚሰጠውና የሚነሣው ደመወዝተኛው ጽሕፈት ቤት ነው። ተመራጯ እናት ለጎረቤቷ ልታደርግላት የምትችለው ነገር ስብሰባ እንድትመጣ መጥራት ብቻ ነበር። በሚያዝያ 2005 ሌላ የአካባቢ ምርጫ ተደረገ፤ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅኩ። ፈተናው ግን ልደታ ደጃፍ ላይ መጣ። በ2001 እና በ2002 በመልሶ ማልማት 26 ሄክታር ያህል የሚሸፍን አሮጌ ሰፈር ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየምና የንግድ ሕንፃ እንዲሠራ ተወሰነ። ሰፈሩ መታደስ ነበረበት፤ በዘመመ ግድግዳ ሥር ልጅ ማሳደግን የሚመኝ የለም፣ ጥሩ ቤት ያገኘም ብዙ ነው። ጥያቄው ውሳኔው ሲሰጥ ማን ወንበር ነበረው የሚለው ነው። በሥራ ላይ የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ንብረት የሚገምተውን ኮሚቴ ሲያቋቁም ከአምስት የማይበልጡ፣ አስፈላጊው ሙያ ያላቸው፣ በወረዳው ወይም በከተማው አስተዳደር የሚሰየሙ ሰዎች እንዲሆኑ ነው ያለው። ነዋሪው የሚመርጠው አንድ ሰው እንኳ አልነበረበትም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ባለ ንብረት ስላልሆነ ለቤቱ ካሳ አይቆጠርለትም፤ ምርጫው ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅድሚያውን የቻለ ገባ፤ ያልቻለ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ቤቱ ከተገኘ በኋላም ነገሩ አላበቃም። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የሕንፃውን ጉዳይ የሚያስተዳድረው ማኅበር አባላት የቤቶቹ ባለቤቶች እንዲሆኑ ይደነግጋል። በልደታ ኮንዶሚኒየም ከባለቤቱ ተከራይቶ የሚኖረው ሰው የደረጃው መብራት ሲጠፋ፣ ውኃው ሲቋረጥ የሚጎዳው እሱ ሆኖ ሳለ ድምፅ የለውም። የ1946ቱ ቻርተር ያስቀመጠው መስመር በሌላ ስም ተመልሶ መጥቷል፤ ከ1967 እስከዚያ ድረስ የተከፈለው ዋጋ ሁሉ ይህን መስመር ለማጥፋት አልበቃም።

ለዚህ የሚሰጠው የመጨረሻ መልስ ግመታ ሙያ ነው የሚል ነው። መሐንዲስ የግድግዳ ስፋት ይለካል፣ ባለሙያ የዋጋ ዝርዝር ያያል፤ የሰፈር ሰው ምን ይጨምራል? የሚጨምረው ብዙ ነው። ባለሙያው ባለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ያያል። ጎረቤቱ ግን በዚያ ቤት መስኮት በኩል ላለፉት ሃያ ዓመታት እንጀራ ሲሸጥ እንደነበረ፣ ደንበኞቹ ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ አብነት ያሉ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች እንደሆኑ፣ ሻጯ ምጣዷን ይዛ ወደ ዳር ከሄደች እነዚያ ደንበኞች እንደማይከተሏት ያውቃል። ደባል ሆኖ የገባው፣ ስሙ በኪራይ ደብተሩ ላይ የሌለው ልጅ ዕድሜውን ሁሉ በዚያ ቤት እንደኖረ ያውቃል። አከራይቶ ሌላ ቦታ የሚኖረውን የስም ተከራይም ለይቶ ያውቃል፤ አስተዳደሩ ደጋግሞ ሲያማርርበት የኖረውን ይህን ማጭበርበር ከማንም በፊት የሚያየው የግቢው ሰው ነው። የተመረጡ ሰዎች ያዳላሉ የሚል ስጋት ቢነሣ ተገቢ ነው፤ ለዚህም መፍትሔው ከ1967ቱ ታሪክ ይገኛል፦ የተመራጩ ጊዜ አጭር ይሁን፣ መራጩ በመካከሉ ሊያነሣው ይቻለው፣ የሚወስነውም በግልጽ ስብሰባ ይነበብ፣ ከጸጥታ ሥራም ፈጽሞ ይለይ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ቀድሞ ያልነበረ ነገር አምጥቷል፤ ከቦታቸው ለሚነሡ ሰዎች ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲታሰብ ይላል። ሕጉ ጉርብትና ዋጋ እንዳለው ካመነ፣ ያንን ዋጋ የሚያውቁት ጎረቤቶች በሚገምተው ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ያላቸው አባላት ሊሆኑ ይገባል፤ ታዛቢነት አይበቃቸውም፣ ባለቤትም ተከራይም ሳይባል በግቢው ሰዎች የተመረጡ ይሁኑ።